በመልሱ ቀን የሞተው ሚስተር

ሟቹ አልጋው ላይ በጀርባው ተንጋሏል። ነጭ ሸሚዙን እስከ አንገቱ ቆልፎ፣ ለሠርጉ የተሰጠውን ጋቢ እንደ ለበሰ ነው። የመስኮቱ መጋረጃ ተዘግቷል፤ በመጋረጃው ላይ ደግሞ ወፍራም ፎጣ ተደርቦ ተሰቅሏል።

ኢንስፔክተር ቸኮል ፎጣውን ረጅም ጊዜ ተመለከተው።

«ብርሃን አስቸግሮት ነበር» አለ።

«ሰማዩ እንዲህ ጠቁሮ?» አለ ረዳቱ ሳጅን ለሜሳ።

«እሱ ነው የሚገርመኝ።»

ዕለቱ ረቡዕ፣ ግንቦት 6 ቀን 1989 ዓ.ም. ነው። ቦታው ነፋስ ስልክ፣ የወይዘሮ ዓለሚቱ ግቢ። እሑድ አንድ ልጃቸውን ፅጌረዳን ድረዋል። ዛሬ ሙሽሮቹ ለመልስ መጥተው ምሳ ተበላ፣ ተጨፈረ። ዘጠኝ ሰዓት አልፎ ሙሽራዋ ለሚስተር ድፎ ዳቦ ልታደርስ ጓሮ ዘልቃ ጮኸች። ዳሱ ውስጥ ከበሮው ቆመ።

ሚስተር ራጋቫን የህንድ አገር ሰው ነው። ሃምሳ ስምንት ዓመቱ፣ የሂሳብ አስተማሪ። በዚህች የጓሮ ክፍል ተከራይቶ ዐሥራ ስድስት ዓመት ኖሯል። ሥጋም እንቁላልም ስለማይቀምስ ጎረቤቱ «ዘላለም ጿሚ» ይለው ነበር። ለዓርብ ወደ አገሩ የሚሄድበትን ቲኬት ቆርጧል።

«ፖሊስ የጠራው ማነው?» አለ ቸኮል።

«እኔ ነኝ።» ሙሽራው ሉቃስ ነበር። ጥቁር ሱፉን እንደ ለበሰ በር ላይ ቆሟል። «ዓይኑን ገልጬ አየሁት፤ ብሌኑ በጣም ሰፍቷል። አፉ እንደ ጥጥ ደርቋል። የምሠራው መድኃኒት ቤት ነው። ልቡ ብቻውን ቆሞ ቢሆን እንዲህ አይሆንም።»

«ይኸው፣ ራሱ ያውቀዋል» የሚል ድምፅ ከኋላው መጣ። የወይዘሮ ዓለሚቱ ወንድም አቶ አስረስ ናቸው። «ኩባያውን ያቀበለውም እሱ ነው። ሰው ሁሉ አይቷል። ከመጀመሪያውም ጴንጤ ቤታችን አይግባ ብዬ ነበር።»

«ጋሼ አስረስ፣ ሰው ሞቶ እኮ ነው» አለ ሉቃስ ቀስ ብሎ።

ቸኮል ጎንበስ ብሎ የሟቹን ዓይን ራሱ አየ። ስሙ ቸኮል ይሁን እንጂ በጣቢያው እንደሱ የሚዘገይ ሰው የለም። አለቆቹም በዚህ ይቀልዱበታል።

መጀመሪያ ያነጋገራት ሙሽራዋን ነው። ፅጌረዳ የመልስ ልብሷን አላወለቀችም።

«ምን ብለሽ ነበር የምትጠሪው?»

«ሚስተር። ሌላ ስም አላወጣሁለትም። ወደዚህ ቤት ሲመጣ የስድስት ዓመት ልጅ ነበርኩ። አባቴ የሞተው ከዚያ በፊት ነው። ማባዛት ያስተማረኝ እሱ ነው።»

«በሠርጉ እንዴት ነበር?»

ፈገግ ልትል ሞክራ አቃታት። «ሠርግ ቤት ገብቶ አያውቅም። የሥጋ ሽታ ስለሚያስቸግረው ሲጠሩት ስጦታ ልኮ ይቀራል። ለኔ ብሎ መጣ። እሑድ ጉልበት ስንስም እናቴና አጎቴ ተቀምጠዋል። እሱ ከሰው ኋላ ቆሟል። ጎትቼ ከእናቴ ጎን አስቀመጥኩት። ከጉልበቱ ሥር ዝቅ ስል ብድግ አለ። ‹ምን ወደቀብሽ?› ብሎ አብሮኝ መሬቱን ይፈልግ ጀመር። ሰው በሳቅ ሞተ።»

«ዛሬስ?»

«ዛሬ አልተነሣም። በደብተሩ ጽፎታላ፤ ‹ጉልበትህን ሲስሙ አትነሣ› ብሎ። ዓይኑ እንባ ሞልቶ ዝም ብሎ ተቀመጠ።»

«ደብተር አለው?»

«የሠርጉን ነገር ሁሉ ይጽፍ ነበር። ለእህቱ ልጆች ሊያነብላቸው።»

ደብተሩ ከትራሱ ሥር ተገኘ። ቸኮል በህንዶች ቋንቋ የተጻፈ መስሎት ነበር፤ ግን እንግሊዝኛ ነው። ቸኮል ከቄስ ትምህርት ቤት ወጥቶ ዲቁናውን ትቶ ፖሊስ የሆነ ሰው ነው፤ እንግሊዝኛው አያደርሰውም። ፅጌረዳ የመጀመሪያውን ገጽ ልታነብ ጀመረች፤ ሁለት መስመር ሳትዘልቅ ደብተሩን መለሰችለት።

«ይቆይ» አለ ቸኮል። «ሲቻልሽ ታነቢልኛለሽ።»

ቀጥሎ ለድግሱ የተቀጠረችውን ወጥ ሠሪ ሞልቱን ጠራ። ሽንኩርት የከተፈ እጇን በሽርጧ እየጠረገች መጣች።

«ሚስተር ምን በላ?»

«ሽሮ፤ በትንሿ ድስት ለብቻዋ የሠራሁትን። ከዚያችው ድስት እትዬም ትንሽ ቀምሰዋል፣ እኔም ጠርጌ በልቻለሁ። ይኸው አለሁ።»

«ምን ጠጣ?»

«ብርዝ። የሙሽራው ወገኖች ጠላም ጠጅም ስለማይነኩ ማር በጥብጬ በጆግ ሞላሁ። ሠላሳ ኩባያ ቀድቼ የጓዳው በር ላይ በትሪ ደረደርኩ። የሚስተርን የብረት ኩባያ ጨምሬ። ካገሩ ያመጣት ናት፤ ከሷ ሌላ አይጠጣም።»

«ትሪው አጠገብ ማን ደረሰ?»

«ማን ያልደረሰ አለ? ጋሼ አስረስ አረቄ ፍለጋ ሦስቴ ተመላልሰዋል። እትዬ ይገባሉ ይወጣሉ። ሙሽራው ለሽማግሎች ላቅርብ ብሎ ትሪውን አነሣ። ለሚስተር ዳቦ ልታደርስ እስክትወጣ ድረስ ሙሽራዋ ብቻ ናት ከወንበሯ ያልተነሣችው። በመልሷ ቀን ሙሽራ ሥራ ትሠራለች እንዴ?»

«ኩባያዋ አሁን የት ናት?»

ሞልቱ ሳቅ አለች። «እሷማ የተባረከች ናት። እኔ ከምሳ በኋላ ሳፋው ላይ ተቀምጬ ሃያ ዘጠኝ ኩባያ ሳጥብ፣ የሚስተርዋ ታጥባ፣ ደርቃ፣ ጓዳ ውስጥ ከቁም ሳጥኑ ጀርባ ሚስማሯ ላይ ተሰቅላለች። ከሠላሳው አንዷን መርጦ የሚያጥብ ምን ዓይነት ጨዋ ነው አልኩ።»

ቸኮል ብዕሩን አስቀመጠ። «እትዬ በዚህ ሳምንት ከቤት ወጥተው ነበር?»

«በሥራ ብዛት? ሰኞ ብቻ፤ ማለዳ ‹መካኒሳ አቦን ተሳልሜ ልምጣ› ብለው ወጡ። ሲመለሱ ስምንት ሰዓት ሆኗል። መቼም ጸሎቱ ረዝሞ ይሆናል እንጂ መንገዱስ ቅርብ ነው።»

አቶ አስረስ ከመጠየቃቸው በፊት ተቆጡ። ጎረቤት የነገረውን ለሜሳ አስቀድሞ ሰምቷል፤ በሰሙነ ሕማማት ሰኞ አቶ አስረስና ሚስተር አጥር ሥር ቆመው ተጨቃጭቀዋል። ሚስተር እጅ ነሥቶ ሲለምን፣ እሳቸው ሲስቁ ታይተዋል።

«ስለ ምን ነበር?»

«ስለ አጥሩ። አጥሩን አድስልኝ አለኝ።»

«አጥሩ እኮ ባለፈው ሰኔ ታድሷል አሉ።»

«እንግዲህ የሰው ነገር ነው፤ ረስቼዋለሁ።»

ወይዘሮ ዓለሚቱ የተቀመጡት ዳሱ ውስጥ ነው። አርባ ሰባት ዓመታቸው ነው፤ በዚያች ቀን ግን ሰባ ይመስላሉ። ለሠርግ የተተከለው ዳስ አልፈረሰም። ጎረቤቱ ነጠላውን አዘቅዝቆ ለልቅሶ ይገባበት ጀምሯል።

«ለምን እንደሚሄድ ነግሮዎት ነበር?» አላቸው ቸኮል።

«አልነገረኝም። እኔም አልጠየቅሁትም።»

«ዐሥራ ስድስት ዓመት ኖሮ?»

«ዐሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ ጠዋት ‹እንደምን አደሩ›፣ ማታ ‹ደህና እደሩ›። ካለዚያ ሌላ ቃል አልነበረንም። ሰውየው ጨዋ ነው። እኔም የሰው ሚስት የነበርኩ፣ ልጅ የማሳድግ ሴት ነኝ።» ነጠላቸውን ወደ አፋቸው አስጠጉ። «ቲኬቱን ሲያሳየኝ እግዜር ይከተልህ አልኩት።»

የሐኪሙ ወረቀት ዓርብ ጠዋት መጣ። ልብን የሚያቆም መርዝ ነው። በዱር ዕፅ ሥር ውስጥ አለ፤ ለዓይን ከሚጨመር ጠብታም ሊገኝ ይችላል ይላል። አለቃው ይህን ሲያነብ ጣቱን ጠረጴዛው ላይ ደበደበ።

«መድኃኒት ቤት የሚሠራው ማነው? ሙሽራው። ኩባያውን ያቀበለውስ? ሙሽራው። ሟቹ ልጅቷን ‹መጀመሪያ ትምህርትሽን ጨርሺ፣ ባሉ ይቆይሽ› ይላት እንደነበር አጎትየው መስክሯል። ቂም ማለት ነው። ኤምባሲው በቀን ሁለቴ ይደውላል። ሰኞ ፍርድ ቤት ይቅረብ።»

«መርዝ ያጠጣ ሰው ‹ዓይኑን እዩልኝ፣ ተመርዟል› ብሎ ፖሊስ አይጠራም» አለ ቸኮል። «ሰው ሁሉ ልቡ ነው ብሎ ሊቀብረው ነበር።»

«እስከ ሰኞ ጊዜ አለህ፤ ቸኮል ከሆንክ ቸኩል።»

የአምስት ቀን ሙሽራ ሉቃስ በእስር ቤት አደረ። ፅጌረዳ የሠርግ ሂናው ከእጇ ሳይለቅ ስንቅ ይዛ መጣች። ዓይኗ አብጧል።

«ማነው ያዘጋጀው?» አለ ቸኮል ሳህኑን እየፈተሸ።

«እናቴ። በቀን ሦስት ጊዜ ትልካለች። እሷ እህል አትቀምስም፤ የሱን ግን በሰው እጅ አታሠራም። ጋሼ፣ ይፈቱታል?»

«ደብተሩን አንብቢልኝ። የመጨረሻውን ገጽ።»

አግዳሚው ላይ ተቀምጣ፣ ጣቷን መስመሩ ላይ እያስኬደች በአማርኛ አነበበችለት፤

«‹ረቡዕ። መልስ የሚባለው በዓል። ዛሬ ጉልበቴን ሲስሙኝ አልተነሣሁም። የሚቀመጡት የወለዱ ሰዎች ናቸው፤ እኔ ግን ማንም ተነሥ አላለኝም። ወይዘሮ ዓለሚቱ እንደ እኔ ሽሮ ብቻ በሉ። ሥጋ አይበሉም ወይ አልኳቸው። ዛሬ ረቡዕ ነው፣ ጾም ነው አሉኝ። ቤቱ ሁሉ ሥጋ ሲበላ እሳቸው ብቻ ለምን እንደሚጾሙ አልገባኝም። ምናልባት ለብቻዬ እንዳልበላ አስበው ይሆናል። እንደዚያ ከሆነ ከሠርጉ ሁሉ ለኔ ትልቁ ይህ ነው። ብርሃኑ ዓይኔን ይወጋኛል። ቀሪውን ነገ እጽፋለሁ።›»

ልጅቷ ደብተሩን ዘግታ አለቀሰች። ቸኮል አላጽናናትም። ተነሥቶ ወደ ውጭ ወጣ። ከዚያ ለሜሳን ጠርቶ በጆሮው አንድ ነገር ነገረው።

«ይህን ሚስቴ ከሰማች ቤት አልገባም» አለ ለሜሳ።

«በፖሊስ መኪና አትሂድ። መለዮህንም አውልቅ።»

እሑድ ጠዋት ሁሉም በዳሱ ተሰበሰቡ። ወይዘሮ ዓለሚቱ፣ ፅጌረዳ፣ አቶ አስረስ፣ ሞልቱ፤ ሉቃስ ደግሞ እጁ በካቴና ታስሮ በአንድ ፖሊስ ታጅቦ መጣ። ከዳሱ ምሰሶ ላይ ያልወረደ የሠርግ ወረቀት አበባ አለ። ቸኮል በእርሱ ሥር ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

«አንድ በአንድ እሄዳለሁ» አለ። «መርዙ የነበረው በሚስተር ኩባያ ብቻ ነው። ሽሮውን ሦስት ሰው በልቷል፤ ብርዙን ሠላሳ ሰው ጠጥቷል። ስለዚህ የታሰበው ለሱ ነው እንጂ በስሕተት የደረሰው አይደለም።»

«ይኼንንማ ሁላችንም እናውቃለን» አሉ አቶ አስረስ።

«ይሁን። ከምሳ በኋላ ኩባያዋን ለብቻዋ አጥቦ ሚስማሯ ላይ የሰቀላት ሰው አለ። ሚስማሩ ያለው ጓዳ ውስጥ፣ ከቁም ሳጥን ጀርባ ነው። ሉቃስ በዚህ ቤት አማች ከሆነ ያን ጊዜ ሦስት ቀኑ ነው፤ ጓዳ ገብቶ አያውቅም። እርስዎስ አቶ አስረስ፣ በእህትዎ ጓዳ ያቺ ኩባያ የት እንደምትሰቀል ያውቃሉ?»

«ወንድ ልጅ ጓዳ ምን አገባው?»

«ልክ ነው። ፅጌረዳ ዳቦውን ይዛ እስክትወጣ ድረስ ከሙሽራ ወንበሯ አልተነሣችም። ሞልቱ ለድግሱ ብቻ የተቀጠረች ናት፤ ኩባያዋ ለብቻዋ መታጠቧንም ሳልጠይቃት የነገረችኝ እሷ ናት። የደበቀ ሰው አያወራም።»

ሞልቱ ወደ መሬት አየች። ቆጥሮ የጨረሰ ሁሉ ማን እንደቀረ ገባው። ፅጌረዳ «ጋሼ፣ ይተዉ» አለች።

«ገና ነው፣ ልጄ። ይህን ስደርስበት እኔም አላመንኩም። ስለዚህ ምክንያት ፈለግሁ። ምክንያቱን የሰጠኝ ሟቹ ነው።» ደብተሩን አነሣ። «ረቡዕ ዕለት እናትሽ ሥጋ አልቀመሱም፤ ቅቤም አልነኩም። ድግስ ያዘጋጀች ሴት ስትባክን ስለምትውል በላች አልበላች የሚያይ የለም። እሱ ግን አየ። ሲጠይቃቸው ‹ረቡዕ ነው፣ ጾም ነው› አሉት። አመነ፤ ረቡዕ እንደሚጾም ያውቃላ። አሁን እናንተን ልጠይቅ። ከፋሲካ በኋላ ባለው ሃምሳ ቀን ረቡዕ ይጾማል?»

 ሞልቱ «ሃምሳው እስኪወጣ ረቡዕም ዓርብም ፍስክ ነው» አለች በቀስታ።

«ሕፃን የሚያውቀው ነው። ቄስ እንኳ በእነዚህ ቀናት ለንስሐ ልጁ ጾም አያዝም። ይህን ምክንያት ለሀገሬው ሰው አይነግሩትም፤ ለእንግዳ ብቻ የሚነገር ነው። እንግዲህ ወይዘሮ ዓለሚቱን ያጾማቸው ቤተ ክርስቲያን ካልሆነ ማነው? ‹መድኃኒቱ እስኪሠራ ሥጋና ቅቤ አትቅመሽ› የሚል ሌላ ዓይነት ሰው አለ። ሰኞ ማለዳ ወጥተው ስምንት ሰዓት የተመለሱት ከአቦ አይደለም። ለሜሳ፣ የት ነበርክ?»

«ከለቡ ወዲያ» አለ ለሜሳ። «በመካኒሳ መንገድ ጠይቄ ያገኘሁት፣ መድኃኒት አዋቂ የሚሉት ሽማግሌ አለ። ሚስቴ ልትሄድብኝ ነው፣ የሚያስቀር ስጠኝ አልኩት። ሰኞ ለአንዲት ሴት የሰጠውን ዓይነት ዱቄት ሰጠኝ። በሦስት ተቋጥሮ። በሳምንት አንዷን፣ ሦስት ሳምንት አጠጣ፤ አደራ፣ ከዚያ አታብዛ አለኝ። አሁን ጣቢያ ታስሯል።»

«ሦስት ሳምንት» አለ ቸኮል። «አውሮፕላኑ ግን ዓርብ ነው። ስለዚህ ሦስቱን ባንድ ቀን አደረጉት። እንዲህ ነው፣ ወይዘሮ ዓለሚቱ?»

ሴትየዋ ቀና አሉ። 

«እንዲቀር ነው። እንዲሞት አይደለም። እንዲቀር ብቻ።» ወደ ሉቃስ ዞሩ። «አንተን ሲወስዱህ አፌን ከፈትኩ፤ ቃል ግን አልወጣ አለኝ። ልጄ ምን ትለኛለች እያልኩ ሁለት ቀን ዋልኩ። ይቅር በለኝ አልልህም።»

ፅጌረዳ ከተቀመጠችበት ተንሸራታ ከእናቷ እግር ሥር ወደቀች። የፖሊሱ ካቴና ሲፈታ የብረቱ ድምፅ ተሰማ። ሉቃስ የተፈታ እጁን ሚስቱ ትከሻ ላይ አኖረ።

«አልጨረስኩም» አለ ቸኮል። ድምፁ ዝቅ ብሏል፤ ይህን ክፍል ባይናገር ይወድ ነበር። «አቶ አስረስ፣ አጥር ሥር የተለመኑት ምን ነበር?»

«ነገርኩህ እኮ፣ አጥሩን...»

«ዓርብ ትምህርት ቤቱ ሄጄ ነበር። ውሉን ማንም አላቋረጠበትም። መልቀቂያ የጻፈው ራሱ ነው፤ በሕማማት ማክሰኞ። እርስዎን ባነጋገረ በማግስቱ። ለጓደኛው ለሌላው አስተማሪ ‹ጠይቄ እምቢ ተባልኩ፤ እዚያው ግቢ መኖር አይሆንልኝም› ብሎታል። ማንን ጠየቀ? ምንስ ጠየቀ? አሁን እርስዎ ይንገሩን። እኔ ከምናገረው ከእርስዎ አፍ ቢወጣ ይሻላል።»

አቶ አስረስ ኮፍያቸውን አውልቀው በጉልበታቸው መሐል አሹት።

«ባገራችሁ ሽማግሌ እንደሚላክ አውቃለሁ አለኝ» አሉ በመጨረሻ። «ዘመድ የለኝም፣ አንተ ሽማግሌ ሆነህ እህትህን ጠይቅልኝ አለኝ። ከት ብዬ ሳቅሁበት። በማግስቱ ደግሞ ጠይቄያት ነበር፣ እምቢ ብላለች አልኩት።»

«ጠይቀዋቸው ነበር?»

«አልጠየቅኋትም። ሰው ምን ይለናል ብዬ ነው። ልጅቷን ለጴንጤ፣ እናቲቱን ለህንድ... ስማችን ነው ያሳሰበኝ።»

 ወይዘሮ ዓለሚቱ ወንድማቸውን አዩት። ቁጣ አልነበረባቸውም። የሩቅ ሰው ለመለየት እንደሚሞክር ዓይናቸውን ጠበብ አድርገው ነው ያዩት።

«መቼ ነው ያልከው?»

«በሕማማት ሰኞ።»

«አርባ ቀን እንኳ አልሞላም» አሉ። «ሰኞ ምን ለብሶ ነበር የመጣብህ?»

«እኔ እንጃ። ያቺን ቡናማ ኮቱን መሰለኝ፤ ከረቫት አድርጎ።»

«ለሽማግሌ ልመና ነዋ ከረቫት ያደረገው።»

ተነሡ። ነጠላቸውን አስተካክለው ሁለት እጃቸውን ለሳጅን ለሜሳ ዘረጉ። ለሜሳ ቸኮልን አየው፤ ቸኮል ራሱን ነቀነቀ። ካቴና አላደረጉባቸውም። ከዳሱ አፍ ሲደርሱ ቆመው ወደ ወንድማቸው ዞሩ።

«አስረስ፣ ሽማግሌ ተልከህ መልሱን ሳታደርስ ቀርተሃል። ሂድና ንገረው። እሺ ብላለች በለው።»

አቶ አስረስ ብድግ አሉ። ጥቂት ቆሙ፤ ጓሮውን አዩ፣ በሩን አዩ። ከዚያ የሚሄዱበት ስለሌላቸው ተመልሰው ተቀመጡ።